ንባቡ አለ፤ ትርጓሜውስ?

ሰኞ ጠዋት፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ። ለሁለት በተሠሩ ዴስኮች ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ 62 ተማሪዎች አሉ። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳውን በጠመኔ ይሞላሉ። የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሴል የሕይወት መሠረታዊ አሃድ መሆኑን የሚናገር፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ቃል በቃል የተወሰደ ኖት። 62 እስክሪብቶዎች ይከተሏቸዋል። ከጠመኔው መንቋቋትና ከደብተር መገለጥ በቀር ለአምስት ደቂቃ ያህል ድምፅ የለም።

ከዚያ መምህሩ ይዞራሉ። እጃቸውን ያራግፋሉ፤ ቋንቋውም አብሯቸው ይዞራል።

«እሺ፣ ሴልን ጡብ በሉት። ይሄ ግድግዳ በምን ተሠራ? በጡብ። የእናንተስ አካል? በሴል።»

ክፍሉ ነቃ። ከኋላ ዴስክ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጡብ እኮ አይተነፍስም። አንድ ሴል ብቻውን ይተነፍሳል እንዴ?»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። ሴል ምግብ እንደሚያስገባ፣ እንደሚያቃጥል፣ ቆሻሻ እንደሚያስወጣ፣ ጡብ ያሉት ምሳሌም እዚህ ላይ እንደሚሰበር በአማርኛ አስረዱ። ከተማሪዎቹ አንዱ «እንግዲያው ሴል ጡብ ሳይሆን ቤት ነው በላ፤ ማድ ቤትም ሽንት ቤትም ያለው» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ባየኋቸው ክፍሎች ሁሉ እንደዚህ የሞቀ ትምህርት አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሩ የአርባ አምስት ደቂቃ ቴስት ሲያርሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሴል የሕይወት አሃድ የተባለው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። የዚያችን ልጅ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። መልስ ተብሎ በተተወው ቦታ ላይ ጥያቄው ራሱ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጧል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ በመጨረሻ ያለው የጥያቄ ምልክት ወጥቶ በምትኩ ነጥብ ገብቷል።

«ይህቺ ልጅ ሴልን ታውቀዋለች፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ» አሉ መምህሩ፣ ቀዩን እስክሪብቶ በጣታቸው እያሽከረከሩ። «ግን ማርክ የሚሰጠው ለምስክርነቴ አይደለም፤ ለወረቀቱ ነው።» ከሦስት ዜሮ ጻፉ።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ነገር በዚህች ወረቀት ላይ ሊነበብ ይችላል። ሰሌዳውና አፉ ተለያይተዋል። ሰሌዳው በአንድ ቋንቋ ይጽፋል፤ ትምህርቱ በሌላ ቋንቋ ይካሄዳል፤ ፈተናው ተመልሶ ከሰሌዳው ጋር ይወግናል።

አሥራ ሁለት ዓመት

ይህች ልጅ እንግሊዝኛን የጀመረችው ትናንት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደንግጓል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሆን የወሰነውም ይኸው ፖሊሲ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ለአሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሯል፤ ቢያንስ አራቱን ዓመት ደግሞ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ተምሯል ተብሎ ይቆጠራል።

መሻገሪያው ግን በሁሉም ቦታ አንድ አልነበረም። ትግራይ፣ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲያስተምሩ፣ አዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረች። አማራ ክልል በሰባተኛና በስምንተኛ ሒሳብና ሳይንስን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ አዞረ። በደቡብና በጋምቤላ ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል የተሻገሩ ነበሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ክፍልፋይን በማያውቀው ቋንቋ እንዲማር ሆነ ማለት ነው።

በመጨረሻ ሁሉም አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከሒሳብ እስከ ታሪክ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ማለትም ወደ 30 ሺህ የሚጠጉት ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። የዚህን ውጤት ሸክም በሙሉ በእንግሊዝኛ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጦርነት አለ፣ ኮሮና ነበረ፣ የመምህር እጥረት አለ፣ ለዓመታት በኩረጃ ተሸፍኖ የቆየ ጉድለትም አለ። ሆኖም ከተፈታኞቹ መካከል እንደዚያች ልጅ መልሱን እያወቁ ጥያቄውን ገልብጠው የወጡ ስንት እንደሆኑ የሚነግረን ቁጥር በውጤት ሰሌዳው ላይ የለም።

ከለገሃር እስከ ዊንጌት

እንግሊዝኛ በዚህ አገር ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የውጭ ቋንቋ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ነበር። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛና ጣልያንኛ ይሰጡ ነበር፤ ከሁሉም ገንኖ የወጣው ግን ፈረንሳይኛ ነው። ምክንያቱ ከክፍል ውጭ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የንግዱ፣ የቴሌግራሙና የዲፕሎማሲው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ዛሬ ታክሲ ላይ «ለገሃር ወራጅ አለ» የሚል ሰው ሳያውቀው ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው፤ ቃሉ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቢሯችንም ሹፌራችንም የመጡት ከዚያው ነው።

ራስ ተፈሪ በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ያስከፈቱት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሲከፈት በበላይነት የመሩት በእንግሊዞች እጅ አድገው፣ በሕንድና በስኮትላንድ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ከዚያ ጣልያን መጣ፤ ፒያሳን፣ ካዛንቺስንና ጎሚስታን ትቶልን ሄደ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው የእንግሊዝ ጦር ነበርና ሚዛኑ ወዲያው ተለወጠ። በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲመሠረት የመሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ኢየሱሳውያን ካህናት ሆነው ሳለ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬም ሽማግሌ ሆነው ስለ «ፒስ ኮሩ» መምህራቸው ሲያወሩ አንድ ነገር ደጋግመው ያነሳሉ፤ ሰውየው አማርኛ ስለማያውቅ ከእሱ ጋር ለመግባባት እንግሊዝኛ ከማውራት ሌላ መውጫ አልነበራቸውም።

ያ ዘመን በናፍቆት ሲነሳ የሚረሳ ነገር አለ። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ልጅ ከአገሩ ልጅ እጅግ ጥቂቱ ነበር፤ ክፍሉ ትንሽ፣ መምህሩ ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው ነበር። በ1956 ዓ.ም. ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተገፋ። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ በብዛት ሰፋ፤ የእንግሊዝኛ መምህሩም ራሱ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ1978 ዓ.ም. ጉዳዩን ያጠናው እንግሊዛዊው ጆን ስቶዳርት በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ወደ መሆን ተሸጋግሯል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ሰሌዳውና አፉ የተለያዩት ዛሬ አይደለም።

«ዌል ደን!»

በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ይህንን ስንጥቅ በቴሌቪዥን ሊደፍነው ሞከረ። የእኔ ትውልድ ይህንን ጊዜ በአንድ ቃል ያስታውሰዋል፦ ፕላዝማ።

ሐሳቡ ቀላልና ደፋር ነበር። ጎበዝ መምህር ለሁሉም ማዳረስ ካልተቻለ፣ የአንድ ጎበዝ መምህር ትምህርት ተቀርጾ በሳተላይት በየክፍሉ ይዳረስ። ፕሮግራሞቹ የተዘጋጁት ደቡብ አፍሪካ ነበር። በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ግድግዳ ላይ የብረት ሳጥን ተሰቀለ፤ በውስጡ ሰፊ ስክሪን። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ፤ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ሆነ። መምህሩ በመግቢያና በመውጫ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ተረከቡ።

ስክሪኑ ላይ የምትታየው መምህርት እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ፈጣንም ነበረች። ፍጥነቱን ማንም ሊያስቆመው አይችልም፤ ትምህርቱ በዚያች ደቂቃ በመላ አገሪቱ ይተላለፋል። ጥያቄ ትሰጥና «አሁን የእናንተ ተራ ነው» ትላለች። ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ እሷም ፈገግ ብላ «ዌል ደን!» ትለናለች። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ስክሪኑ የተከፈተው ልክ በዚህች ቃል ላይ ነበር። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። መምህራችን ከጥግ ቆመው አብረውን ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የእንግዳ ሳቅ ነበር። በገዛ ክፍላቸው እንግዳ ሆነው ነበርና።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ፕላዝማ የወደቀው በመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም። ችግራችን እንግሊዝኛ አለመስማታችን መስሎት ነበር። እኛ ግን ሰማን፤ ያጣነው የሚሰማን ሰው ነው። ያ ስክሪን ዓመቱን ሙሉ ሲያናግረን አንዲት የተሳሳተች ዐረፍተ ነገራችንን ሰምቶ አላረመም።

ዝናቡን ማን አዘነበው?

እንግሊዝኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚከብደው ስንፍና ስላለበት አይደለም። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231 ሆሄያት ለይቶ ይመጣል። የተማረው እምነት አንድ ነው፤ የተጻፈው ይነበባል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከዐውዱ ይለያል እንጂ፣ «ገና»ን የበዓሉን ወይስ «ቆይ» የሚለውን ብሎ ይመርጣል እንጂ፣ ተጽፎ ድምፅ የሌለው ሆሄ አያውቅም። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደላት ከ40 የሚበልጡ ድምፆችን ይጽፋል። «ሌሊት» ማለት የሆነው «ናይት» በአምስት ፊደል ሲጻፍ መሀል ያሉት ሁለቱ ዝም ይላሉ። ከፊቱ ዝምተኛዋ «ኬ» ስትጨመር ድምፁ ሳይለወጥ ትርጉሙ ጋሻና ጦር የያዘ ፈረሰኛ ይሆናል። ልጁ ይህንን ሲያይ የሚደርስበት ድምዳሜ ትክክል ነው፦ ይህ ቋንቋ አይነበብም፤ ይሸመደዳል።

የአረፍተ ነገሩ ቅንብርም ሌላ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ቆሞ ነገሩን ይዘጋል፤ ባለቤቱን፣ ጾታውን፣ ቁጥሩን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። «ገዛች» ካልን እሷ መሆኗ ታውቋል። ሰማዩ ሲያዘንብ «ዘነበ» ብለን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ግን «ማን?» ብሎ ድርቅ ይላል። መልስ ሲያጣ «ኢት» የሚባል፣ የትም የሌለ ባለቤት ይፈጥራል፤ ዝናቡን ያዘነበው እሱ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ባለቤት የሚረሱት ስለማይኖር ነው። መምህር ቆም ብሎ «በእኛ እንዲህ ነው፣ በእነሱ እንዲህ ነው» ቢል በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚገባ ነገር ነው። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ሁለቱን ቋንቋ ለማነጻጸር አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሌለ ይመስል ያልፋል።

የኔታ ያውቁት የነበረ ነገር

የሚገርመው፣ ይህ አገር ማንም አፉን ያልፈታበትን ቋንቋ ለልጆች የማስተማር የቆየ ልምድ ያለው መሆኑ ነው። ግዕዝ ከአፍ ቋንቋነት ከወጣ ብዙ ምዕተ ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ዛሬም ግዕዝ የሚያስብ ሰው ያወጣል።

መጀመሪያው ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሕፃኑ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ መልእክተ ዮሐንስን ይጀምራል፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ዳዊት ይደግማል። 150ውን መዝሙር ያለ ስሕተት ሲያነብ ትርጉሙን ላያውቅ ይችላል። ይህ ንባብ ቤት ነው። እዚህ ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ዳዊት ደጋሚ ይሆናል እንጂ ግዕዝ ዐዋቂ አይባልም።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዋድላ ይሄዳል። እዚያ ግስ ይማራል፤ አገባብ ይማራል። ከሁሉም በላይ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የራሱን እንዲያመጣ ይጠየቃል። ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። መምህሩ ያዳምጣሉ፤ የተሰበረውን ይጠግናሉ፤ የማይረባውን «ተወው» ይላሉ። ነገ ሌላ ያመጣል። የትናንቱን መድገም፣ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔ ቤት ጥያቄውን ገልብጦ ነጥብ ማድረግ አያስኬድም።

ቅኔ ቤትን የማነሳው ለናፍቆት አይደለም። ዓመታት ይወስዳል፣ ጥቂት ሰው ብቻ ይዘልቀዋል፣ ተማሪው ለምኖ የሚያድርበት ሕይወትም የሚመኙት አይደለም። ሥርዓቱ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ የሰው ቋንቋ የራስ የሚሆነው ማንም ያላለውን ነገር በእሱ ሲሉበት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ንባብ ቤት ተቀምጧል። ኖት ይገለበጣል፤ ምርጫ ጥያቄ ይከበባል፤ ግራመር በሕጉ ይሸመደዳል። ትርጓሜውም ቅኔውም ጋ ሳይደረስ ተማሪው ይመረቃል።

ስሌቱም ከባድ ነው። አርባ ደቂቃ ለ62 ልጅ ሲካፈል መምህሩ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ለእያንዳንዱ አርባ ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። በሥርዓቱ መለኪያ ሁለተኛ ደረጃ ላይ አንድ ክፍል መያዝ ያለበት 40 ተማሪ ነው።

አባትየውና አጥኚዎቹ

የዚያችን ልጅ አባት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ የወላጆች ስብሰባ ቀን አገኘኋቸው። ጥበቃ ናቸው። «ትንሹን ወንድሟን እንደምንም ብዬ የግል አስገባዋለሁ» አሉኝ። «እዚያ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው አሉ። እሷንስ ዘግይቼባታለሁ።» ለእሷ በየሰፈሩ ከሚለጠፉት የ«ስፖክን» ማስታወቂያዎች አንዱን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይዘዋል፤ የሦስት ወር ኮርስ። ክፍያው ግን ከደመወዛቸው ጋር አልገጠመም።

የአባትየው ስሌት የብዙ ወላጅ ስሌት ነው፦ እንግሊዝኛ ቶሎ ሲጀመር፣ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሲሆን ልጁ ይችላል። ስሌቱ የዋህነት አይደለም። በከተማችን ሥራ የሚቀጥረው፣ በስልክ የሚያናግረው፣ ውጭ አገር የሚልከው እንግሊዝኛ የሚችለውን እንደሆነ እሳቸው በበራቸው ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያሉ።

ይሁንና በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ በመላ አገሪቱ አጥንተው በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ሥራ ያገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት ይልቅ በስምንተኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ በተለይ በሒሳብና በሳይንስ። ቀድሞ መሻገር ለእንግሊዝኛው ራሱ የታሰበውን ያህል አልጠቀመም። ነገሩን ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ያየ ሰው አይደንቀውም፤ ሴልን በአማርኛ የተረዳች ልጅ የሚጎድላት ቃሉ ብቻ ነው። ሴልንም ቃሉንም ያላገኘ ልጅ ግን ሁለት ዕዳ አለበት።

ታዲያ የግል ትምህርት ቤቱ ልጅ ለምን ይችላል? እንግሊዝኛው ከክፍል ሲወጣ ስለሚከተለው ነው፤ በካርቱን፣ በመጽሐፍ፣ በወላጅ፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ስሙን ጠርታ በምታናግረው መምህርት። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ የእንግሊዝኛ ዓለም አርባ ደቂቃ ነው። ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ደንብ ማውጣት ያንን አርባ ደቂቃ በአንድ ሰከንድ አያስረዝመውም። ክርክራችን ግን ለብዙ ዓመታት ከየትኛው ክፍል ይጀመር በሚለው ላይ ተቸክሏል፤ ከአምስተኛ ወይስ ከሰባተኛ፣ ከሰባተኛ ወይስ ከዘጠነኛ። ድልድዩ የሚያርፍበትን ቦታ ስንከራከር ድልድዩን መሥራት ረሳን።

«የመጽሐፉን ተዪው፤ ያንቺን አምጪ»

እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ዘጠነኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት አሉ። ጡረታቸው ሊደርስ ነው። አዲስ ዘዴ አለኝ አይሉም፤ ሲጠየቁም «ከቁጥሩ ጋር መታገል ሲሰለቸኝ የጀመርኩት ነው» ይላሉ።

ሕጉ አንድ ነው። ማንኛውም ተማሪ ወደ ክፍላቸው ሲገባ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል፤ መጽሐፍ ላይ የሌለች፣ ከጓደኛ ያልተወሰደች። አጭር ትሁን፣ ትሳሳት፣ ግድ የለም። በየቀኑ አሥር ደብተር ይሰበስባሉ፤ የቀሩት ጎን ለጎን ተለዋውጠው ይተራረማሉ። እንደዚያ እየተዞረ በሳምንት ከምናምን የሁሉም ደብተር እጃቸው ላይ ይደርሳል። በቀይ አይጽፉም፤ «ቀይ ያስደነግጣቸዋል፤ ደንግጠው ወደ መጽሐፉ ይመለሱብኛል» ይላሉ። በእርሳስ ነው የሚያርሙት። አማርኛም አይከለክሉም፤ ቃል የጠፋበት ልጅ በአማርኛ ጠይቆ ይወስዳል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደብተሮች አሳዩኝ። ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ስሜ እገሌ ነው፣ ተማሪ ነኝ፣ አገሬን እወዳለሁ። በብዙዎቹ ዳርቻ በእርሳስ አንድ ዓይነት ማስታወሻ አለ፤ ይህ የሁሉም ነው፣ ያንተን አምጣ። ቀስ በቀስ ደብተሮቹ መለያየት ይጀምራሉ። አንዱ የአክስቱ ዶሮ ስለተበላችበት ይጽፋል። አንዱ ታክሲ ውስጥ መልስ ያልሰጠውን ረዳት ይከሳል፤ ግሡ ተሰብሯል፣ ንዴቱ ግን ተላልፏል።

የባዮሎጂ ክፍሏን ልጅ ደብተር ፈልገው ሰጡኝ። የኅዳር ገጾቿ ባዶ ሊባሉ የሚችሉ ናቸው። «የመጽሐፉን ተዪው፤ ያንቺን አምጪ» የሚለው የመምህርቷ እርሳስ አራት ጊዜ ተደጋግሟል። በታኅሣሥ አንድ ገጽ ላይ፣ ያው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ዐረፍተ ነገር ጽፏል። «ዘ ብሪክ ዳዝ ኖት ብሪዝ። ዘ ሴል ብሪዝ።» ጡቡ አይተነፍስም፤ ሴሉ ይተነፍሳል።

መምህርቷ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር መጨረሻ አንዲት ትንሽ «ኤስ» በእርሳስ ጨምረዋል። ሌላ የነኩት ነገር የለም።